የድሮ ብስክሌት

የድሮ ብስክሌት (በተለምዶ የድሮ ሳይክል) ከተሠራ ብዙ ዓመታት ያለፉት፣ ዛሬ በፋብሪካ ከተለመደው አሠራር በቀደመ ስልት የተሠራ፣ ባለቤቱም ለታሪኩ፣ ለአሠራሩ ወይም ለመንዳት ደስታው ሲል የሚያቆየው ብስክሌት ነው። እንዲህ ያሉ ብስክሌቶችን ማሰባሰብ፣ መጠገንና መንዳት በብዙ አገሮች የታወቀ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። አንድን ብስክሌት «የድሮ» የሚያሰኝ ዓለም አቀፍ የዕድሜ ወሰን የለም። በጣልያን የሚካሄደው ሌሮይካ የተባለው የድሮ ብስክሌት ጉዞ ግን ከ1987 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠሩትን የብረት ብስክሌቶች መነሻ ስላደረገ፣ ብዙ ሰብሳቢዎች ይህን ዓመት እንደ ወሰን ይጠቀሙበታል።

በኢትዮጵያ የድሮ ብስክሌት ከቤተሰብ ንብረት፣ ከጋራዥ ሙያና ከስፖርት ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። አገሪቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሳተፍ ከተሰለፈችባቸው ሁለት የስፖርት ዓይነቶች አንዱ ብስክሌት ነበር።

ታሪክ

አጠቃላይ

በ1817 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ካርል ድራይስ ሁለት ጎማ ያለውና መሬት በእግር እየተገፋ የሚሄድ መሣሪያ ሠራ። ፔዳል የተጨመረበት በ1860ዎቹ በፈረንሳይ ነው። በ1885 እንግሊዛዊው ጆን ኬምፕ ስታርሊ እኩል መጠን ያላቸው ሁለት ጎማዎችና የኋላውን ጎማ የሚያዞር ሰንሰለት ያለውን «ሮቨር» የተባለ ብስክሌት አቀረበ። የዛሬው ብስክሌት መሠረታዊ ቅርጽ ከዚህ የመጣ ነው። በ1888 ጆን ቦይድ ደንሎፕ በአየር የሚነፋ ጎማ ሠራ።

ሰብሳቢዎች ከሚፈልጓቸው ስሞች መካከል የእንግሊዙ ራሌይ፣ በ1885 በሚላኖ የተመሠረተው ቢያንኪ፣ እንዲሁም በ1950 በቲያንጂን መመረት የጀመረው የቻይናው «በራሪ ርግብ» ይገኛሉ። በዕቃ መለዋወጫ በኩል ደግሞ በ1933 በቪቼንዛ የተመሠረተው ካምፓኞሎና በኖቲንግሃም የተቋቋመው ስተርሜይ አርቸር ይታወቃሉ።

በኢትዮጵያ

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የፋሺስት ጣልያን ወረራ ዘመን የጣልያን መኪናና የጋራዥ ሙያ በአዲስ አበባ ተስፋፋ። የካዛንቺስ ሰፈር ስም ራሱ ለጣልያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ተቋም ምህጻር የመጣ ነው። በኤርትራ የብስክሌት ውድድር ከጣልያኖች ጋር ገብቶ ሥር የሰደደ ሲሆን፣ የመጀመሪያው የኤርትራ ዙር ውድድር በ1946 እ.ኤ.አ. ተካሄደ።

ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. (1956 እ.ኤ.አ.) በሜልቦርን ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሳተፍ የላከችው በአትሌቲክስና በብስክሌት 12 ስፖርተኞችን ነበር። ከእነዚህ ውስጥ ብስክሌተኞቹ ገረመው ደንቦባ፣ መስፍን ተስፋዬ፣ ኃይሉ ፋናና ንጉሤ መንግሥቱ ነበሩ። የተወዳደሩበት የጎዳና ውድድር 187 ኪ.ሜ. ያህል ርዝመት ነበረው፤ አሸናፊውም ጣልያናዊው ኤርኮሌ ባልዲኒ ነበር። ገረመው ደንቦባ በ1960 እ.ኤ.አ. በሮም ኦሊምፒክም ተሰልፏል። የሜልቦርኑ ውድድር አበበ ቢቂላ በማራቶን ካሸነፈበት ከ4 ዓመት በፊት የተካሄደ ቢሆንም በብዙ ሰው ዘንድ ያን ያህል አይታወስም። በ2016 እ.ኤ.አ. ጽጋቡ ግርማይ በፈረንሳይ ዙር ውድድር የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ።

ከውድድር ውጭ ብስክሌት በሜዳማ ከተሞች የዕለት ተዕለት መጓጓዣ ሆኖ ቆይቷል። በጣና ዳር ያለችው ባሕር ዳር በዚህ ትታወቃለች። በብዙ ከተሞች ልጆች ብስክሌት መንዳት የሚለማመዱት በሰዓት ወይም በደቂቃ በሚከራይ ብስክሌት ነው።

የጥገና ቃላት

በአማርኛ የብስክሌትና የመኪና ጥገና ቃላት ብዙዎቹ ከጣልያንኛ የተወሰዱ ናቸው። ጎማ፣ ፍሬን፣ ካቴና (ሰንሰለት)፣ ቸርኬ (ጎማው የሚቀመጥበት ክብ ብረት)፣ ከለመዳሪ (የውስጥ ጎማ)፣ ኩሽኔታ (በውስጡ ኳሶች ያሉት መሽከርከሪያ)፣ ፓራፋንጎ (የጭቃ መከላከያ)፣ ፖርቶ መጋላ (የዕቃ መጫኛ)፣ ማስቲሽ (ማጣበቂያ)፣ ካቻቢቴና ጎሚስታ ከእነዚህ ይቆጠራሉ። ቃላቱ ከሙያው ጋር ከአንድ ባለሙያ ወደ ሌላው በቃል የተላለፉ በመሆናቸው አጠራራቸው ከቦታ ቦታ ይለያያል።

ዓይነትና ዕድሜ መለየት

አንድ የድሮ ብስክሌት ሲገኝ ቀለሙና ተለጣፊ ምልክቱ በቂ ማስረጃ አይሆኑም፤ ሁለቱም ሊቀየሩ ይችላሉና። ይልቅ የሚታዩት የሚከተሉት ናቸው።

የፍሬም ቁጥር፦ ብዙ ጊዜ ከመቀመጫው በታች ወይም ከፔዳሉ ማዞሪያ ሥር ብረቱ ላይ ተመትቶ ይገኛል። ቀለም ወይም ዝገት ከሸፈነው በቀስታ ጠርጎ ማንበብ እንጂ በሞላ መፈግፈግ አይመከርም።

የኋላ ጎማ እምብርት፦ ስተርሜይ አርቸር ባለ 3 ማርሽ እምብርት ላይ የተሠራበት ወርና ዓመት በቁጥር ተመትቶ ይገኛል። እምብርቱ ከጊዜ በኋላ ካልተቀየረ የብስክሌቱን ዕድሜ በቀላሉ ያሳውቃል።

የፔዳል ማዞሪያ ቤት ጥርስ፦ የእንግሊዝ ስልት ቤት ስፋቱ 68 ሚ.ሜ. ሆኖ በሰንሰለቱ በኩል ያለው ክዳን ወደ ግራ ይጠብቃል። የጣልያን ስልት ስፋቱ 70 ሚ.ሜ. ሲሆን ሁለቱም ክዳኖች ወደ ቀኝ ይጠብቃሉ። ይህን ሳይለዩ በኃይል ማዞር ጥርሱን ያበላሻል፤ በዚህ ቦታ የተበላሸ ጥርስን መልሶ ማስተካከል ከባድ ነው።

የጎማ መጠን፦ «28» የሚል ጽሑፍ ብቻ አያስተማምንም። 28 × 1 1/2 የሚባለው የከባድ ብስክሌት ጎማ የሚቀመጥበት ቸርኬ ስፋት 635 ሚ.ሜ. ሲሆን፣ 700 ሲ የሚባለው የዛሬው ጎማ 622 ሚ.ሜ. ነው። ሁለቱም በገበያ «28» ስለሚባሉ ገዢው ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ባለ 3 አሐዝ ቁጥር ማየት ይኖርበታል።

ጥገና

የመጀመሪያው ደረጃ ፍሬሙን መመርመር ነው። የታጠፈ ወይም በመጋጠሚያው ላይ የተሰነጠቀ ፍሬም ሌላው ሁሉ ቢታደስም ለመንዳት አደገኛ ነው። የድሮ ፍሬሞች ብዙዎቹ በመጋጠሚያ ቁራጭ ውስጥ በነሐስ የተበየዱ የብረት ቱቦዎች በመሆናቸው፣ የተሰበረ ቱቦ በሠለጠነ በያጅ ሊቀየር ይችላል። ይህም የብረት ብስክሌት ረጅም ዕድሜ ከሚኖረው ምክንያቶች አንዱ ነው።

ቀጥሎ መሽከርከሪያዎቹ ይፈታሉ። አሮጌ ግራሶ ደርቆ ከአቧራ ጋር ሲቀላቀል እንደ ሞረድ ብረት ይበላል። ኩሽኔታዎቹ በነጭ ጋዝ ታጥበው፣ ኳሶቹ ተቆጥረው፣ የተቦረቦሩት ተጥለው በአዲስ ግራሶ ይገጠማሉ። በፔዳል ማዞሪያው በእያንዳንዱ ወገን ባብዛኛው 1/4 ኢንች የሆኑ 11 ኳሶች ይገኛሉ። ኳስ ሲቀየር የአንዱን ወገን ሁሉንም በአንድ ላይ መቀየር ይሻላል፤ አዲስና አሮጌ ሲደባለቁ ጭነቱ በትልልቆቹ ላይ ብቻ ያርፋል።

ሰንሰለት የሚመረመረው በማስመሪያ ነው። የአንድ ዓይን ርዝመት 1/2 ኢንች ስለሆነ 24 ዓይን በትክክል 12 ኢንች መሆን አለበት። 12 1/8 ኢንች ከደረሰ ሰንሰለቱ አልቋል፤ ካልተቀየረም ጥርሶቹን ይዞ ይጠፋል።

የፔዳሉን ክንድ በሽብልቅ የሚይዙ የድሮ ብስክሌቶች ላይ ሽብልቁ ብዙ ጊዜ ዝጎ ይጣበቃል። ክንዱ ከሥሩ ድጋፍ ሳይደረግለት በመዶሻ ከተመታ ጉዳቱ ለኩሽኔታው ይተርፋል። ሽብልቁም የእንግሊዝ 9.5 ሚ.ሜ. ወይም የአውሮፓ 9 ሚ.ሜ. ሊሆን ስለሚችል አዲሱ ከመገዛቱ በፊት አሮጌው ይለካል።

በኒኬል ወይም በክሮም የተለበጠ ብረት ላይ ያለ ቀላል ዝገት በውኃ በራሰ የአሉሚኒየም ወረቀት ሲታሽ ይለቃል። ልባጡን የሚፍቅ የብረት ብሩሽ ግን አይመከርም።

አዲስ ቀለም መቀባት በሰብሳቢዎች ዘንድ ያከራክራል። አንዳንዶች ብስክሌቱ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን መልክ መመለስ ይፈልጋሉ። ሌሎች ደግሞ የመጀመሪያው ቀለም አንዴ ከተነሣ እንደማይመለስ በመግለጽ፣ ዝገቱን አቁሞ መተው ይሻላል ይላሉ።

ዕቃ ማግኛ

በአዲስ አበባ የአሮጌ ብረትና የዕቃ መለዋወጫ ዋናው ገበያ መርካቶ ሲሆን፣ በተለይ ምናለሽ ተራ አሮጌ ነገር ተስተካክሎ የሚሸጥበት ቦታ ነው። ከየቤቱ የሚወጣውን አሮጌ ዕቃ ወደ ገበያ የሚያደርሰው ቆራሌው ነው።

ለድሮ ብስክሌት ትልቁ አደጋ መሰበር ሳይሆን በኪሎ መሸጥ ነው። ፍሬሙ እንደ ቁርጥራጭ ብረት ከቀለጠ ቁጥሩም፣ የባለቤቱ ታሪክም አብረው ይጠፋሉ። በካዛንቺስና በሌሎች የቆዩ ሰፈሮች በተካሄደው መልሶ ማልማት ነዋሪው ወደ ሌላ አካባቢ ሲዛወር፣ በጓሮና በቆጥ የቆየ ዕቃ መለየት ያለበት ቤት በሚለቀቅበት አጭር ጊዜ ውስጥ ነው። ስለዚህ ሰብሳቢዎች ከመግዛት በፊት መመዝገብን ያስቀድማሉ፦ ፎቶግራፍ፣ የፍሬም ቁጥር፣ ብስክሌቱ ከማን ለማን እንደተላለፈ፣ ለምን ሥራ ይውል እንደነበረ። ይህ መረጃ ብስክሌቱ ባይተርፍ እንኳ ይተርፋል።

መንዳት በአዲስ አበባ

መስቀል አደባባይ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚገኝ የከተማዋ ትልቁ አደባባይ ነው። በደርግ ዘመን አብዮት አደባባይ ይባል ነበር፤ ታድሶ በሰኔ 2013 ዓ.ም. ተመርቋል። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» በሚል ስም በተጀመረው ከተሽከርካሪ ነፃ ቀን በአደባባዩ ዙሪያ ያሉ መንገዶች ለእግረኛና ለብስክሌተኛ ክፍት ሆነዋል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የተካሄደው የኮሪደር ልማትም በተወሰኑ ዋና መንገዶች ዳር የብስክሌት መስመር ጨምሯል።

የከተማዋ አቀማመጥ ለድሮ ብስክሌት ፈታኝ ነው። አዲስ አበባ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ከእንጦጦ ተነሥታ ወደ አቃቂ ትወርዳለች። ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ ያለው መንገድ የተሻለ ሜዳ ሲሆን፣ ወደ አራት ኪሎ የሚወስደው ግን ዳገት ነው። አንድ ማርሽ ብቻ ላለው ብስክሌት ቀላሉ መፍትሔ የኋላውን ጥርስ መቀየር ነው። ፊት 48፣ ኋላ 18 ጥርስ ያለው ብስክሌት ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ጎማው 2.67 ጊዜ ይዞራል፤ የኋላው 22 ሲሆን ወደ 2.18 ይወርዳል። ፍጥነቱ ቢቀንስም ዳገቱ በ18 በመቶ ያህል ይቀላል። ሰንሰለቱ ግን በጥቂት ዓይን መርዘም አለበት።

ከዳገቱ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው ቁልቁለቱ ነው። ብዙ የድሮ ብስክሌቶች የብረት ቸርኬና በሽቦ ፋንታ በብረት ዘንግ የሚሠራ ፍሬን አላቸው። የፍሬኑ ላስቲክ በእርጥብ የብረት ቸርኬ ላይ የመያዝ ኃይሉ በጣም ይቀንሳል። ስለዚህ በክረምት ከአራት ኪሎ ወደ መስቀል አደባባይ መውረድ በደረቅ ቀን ከመውረድ የተለየ ነው፦ ነጂው ፍሬኑን ቀደም ብሎ በቀስታ በመንካት ውኃውን ከቸርኬው ላይ ማስጠረግ፣ ከፊቱ ካለው መኪናም ሰፊ ርቀት መጠበቅ ይኖርበታል። የደረቀና የተሰነጠቀ የፍሬን ላስቲክ፣ ምንም የመጀመሪያው ቢሆን፣ በአዲስ መተካት አለበት። ለእይታ ብቻ የሚቀመጥ ብስክሌት ላይ ግን እንዳለ ሊተው ይችላል።