ማኅተም የሌለው ሸክላ፤ ከአሊዩ አምባ ገበያ እስከ ሴቭር ቤተ መዘክር

ሸክላ በየትም አገር ያው ሸክላ ነው። ከአፈርና ከውሃ ይቦካል፣ በእጅ ይበጃል፣ በእሳት ይጠናል። ሆኖም በአንዱ አገር የሸክላ ምስል ቀራጩ ስሙ በቤተ መዘክር ሲመዘገብ፣ በሌላው አገር ሸክላ ሠሪው ከነሙያው ሲናቅ ኖሯል። የዚህ ልዩነት ምክንያት ከጭቃው ጥራት ሳይሆን ከማኅበራዊው ሥርዓት የሚፈለግ ነው።

አሊዩ አምባ ከአንኮበር ደጋ ወደ ይፋት ቆላ በሚወርደው መንገድ ላይ የምትገኝ፣ አርጎባዎች የከተሙባት ጥንታዊት የንግድ ከተማ ናት። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት (እ.ኤ.አ. 1813–1847) ከታጁራና ከሐረር የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች በዓርብ ገበያዋ ይገናኙ ነበር። አሞሌ ጨው፣ ጥጥ፣ ቡናና የባሕር ማዶ ጨርቅ በዚያ ይለዋወጣል፤ በአቅራቢያዋ በአብዱል ረሱል ደግሞ የሰው ልጅ ሳይቀር ይሸጥ ነበር። ፈረንሳዊው ተጓዥ ሮሼ ዴሪኩር እ.ኤ.አ. በ1839 የአፋርን በረሃ አቋርጦ ሸዋ ገባ፤ በሁለተኛ ጉዞውም በ1843 ከንጉሡ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመ።

በዚያው ዘመን በፓሪስ አጠገብ በሴቭር የንጉሣዊው የፖርሴሊን ፋብሪካ ኃላፊ የነበረው ሊቅ አሌክሳንድር ብሮንያር፣ በ1824 ባቋቋመው የሸክላ ቤተ መዘክር የዓለምን ሕዝቦች ሸክላ ይሰበስብ ነበር። ተጓዦችና የባሕር ኃይል መኮንኖች ከየደረሱበት አገር ያመጡለትን ተራ ማሰሮ ሳይንቅ፣ ከቤተ መንግሥት ሳህን ጋር በአሠራሩ እየመደበ አኖረው። ይህ በጎ ሥራ ነው። ነገር ግን ማሰሮው ሲመዘገብ በአመዛኙ የሚጻፈው የአገሩና የአምጪው ስም እንጂ የሠሪው አልነበረም።

ለፈረንሳይ ሥራ ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው። በ18ኛው ምእተ ዓመት በሴቭር መስታወታዊ ልባስ የሌላቸው ነጫጭ ትናንሽ ምስሎች ይሠሩ ነበር፤ ከ1757 እስከ 1766 የቅርጻ ቅርጹን ክፍል የመራው ቀራጩ ፋልኮኔ ነው። የፋብሪካው ዕቃዎች ማኅተም፣ ከ1753 ጀምሮም የዓመት ምልክት ይደረግባቸው ነበር፤ ሠዓሊዎቹም የየራሳቸው ምልክት ነበራቸው። ስለዚህ የጥንት ፈረንሳይ ሸክላ ሰብሳቢ መጀመሪያ የሚያየው የዕቃውን ፊት ሳይሆን ሥሩን ነው። ስም ዋጋ በማውጣቱም አስመሳዮች ሐሰተኛ ማኅተም እስከ መቅረጽ ደርሰዋል።

የኢትዮጵያዊቷ ሸክላ ሠሪ እንስራና ጀበና ግን ማኅተም አልነበረውም። ያለ መሽከርከሪያ በእጇ አበጅታ፣ በሜዳ ላይ በእንጨትና በኩበት ታቃጥለዋለች። ሕዝቡ በምጣዷ እየጋገረ፣ በጀበናዋ እያፈላ፣ እርሷን ግን «ቡዳ» ይላት ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ቢያስነግሩም ንቀቱ በአዋጅ ብቻ አልተነቀለም። ሲኒ ስሙን ያገኘው «ቻይናዊ» ከሚል የዐረብኛ ቃል ነው። ሲኒው የመጣበትን አገር በስሙ ሲናገር፣ ከጎኑ ያለው ጀበና የሠራችውን ሴት አይናገርም።

የሸክላ ምስል በአገራችን በስፋት የታወቀው በጎንደር አጠገብ በወለቃ ነው። በ20ኛው ምእተ ዓመት የቤተ እስራኤል ሴቶች የሰውና የአንበሳ ምስሎችን እየሠሩ ለጎብኚዎች ይሸጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984–85 እና በ1991 አብዛኛው የቤተ እስራኤል ሕዝብ ወደ እስራኤል ሲሄድ ከነዚያ እጆች የሚበዙት አብረው ሄዱ። ምስሎቹ በየአገሩ መደርደሪያ ላይ ቀርተዋል፤ የብዙዎቹ ሠሪዎች ስም ግን አልተጻፈም።

እንግዲህ መሰብሰብ ማከማቸት ብቻ አይደለም፤ መመስከርም ነው። ለትምህርት ቤት ወይም ለቤተ መዘክር አንድ ገንቦ የሚያመጣ መምህርና የባህል ሠራተኛ የሠሪዋን ስም፣ ቀበሌዋን፣ ጭቃው የተቆፈረበትን ስፍራና ዓመቱን አብሮ ይጻፍ። ገንቦ ቢሰበር ሌላ ይሠራል፤ ያልተጻፈ ስም ግን ባለቤቱ ካለፈ በኋላ ከየትም ተቆፍሮ አይገኝም።