የአድዋ ዘማች ምን ለብሶ፣ ምን ተጫምቶ ነበር?

ለቴአትር ልብስ የሚሰፋ ሰው አስቀድሞ ታሪክን መጠየቅ ይገባዋል። በአዳማም ሆነ በሌላ ከተማ የየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የአድዋ ድል በተማሪዎች መድረክ ሲታይ፣ ለወታደሩ በረባሶ ማጫማት የተለመደ ነው። ነገር ግን በረባሶ የሚሠራው ከመኪና ጎማ ነው፤ መኪና ደግሞ አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። ታዲያ የአድዋ ዘማች በረባሶን ከየት ያመጣዋል?

እውነቱ፣ ከዘማቹ አብዛኛው የተጓዘው በባዶ እግሩ ነው። ፈረሰኛውም ቢሆን ጠባቡን እርካብ በእግሩ አውራ ጣት ይይዝ ስለ ነበር ጫማ አያሻውም ነበር።

ልብሱ እጀ ጠባብ፣ ሱሪና ኩታ ነው። ጨርቁም የእጅ ፈትል ወይም በነጋዴ ቅፍለት ከውጭ የሚመጣው አቡጀዲ ይሁን፤ ናይሎን ገና አልተፈጠረም ነበርና። ለምድና የአንበሳ ጎፈር የሹማምንትና የጀግና መሸለሚያ ስለ ሆነ፣ ለሁሉ ማልበስ አይገባም።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ለዘማቹ ጫማ ስንሰጠው ያከበርነው ይመስለናል፤ ነገር ግን ያን ሁሉ ተራራ በባዶ እግሩ የወጣበትን ድካም እንነጥቀዋለን። ስለዚህ መርፌ ከማንሣታችን በፊት የዘመኑን ፎቶግራፍ እንመልከት፤ አረጋውያንንም እንጠይቅ።