የስዊድን ስክሪኖች
በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ስዊድን ውስጥ ከኮምፒውተር ፊት የሚውሉ ብዙ ሠራተኞች ፊታችን ይቀላል፣ ቆዳችን ያቃጥለናል እያሉ አቤት አሉ፤ ከስክሪኑ የሚወጣውን የኤሌክትሮማግኔቲክ መስክም ተጠያቂ አደረጉ። መንግሥት በ1990 የመስኩን መለኪያ ደንብ አጠናከረ፤ የሠራተኞች ማኅበራት ኮንፌዴሬሽኑ ቲሲኦ ደግሞ በ1992 ገደቡን ይበልጥ አጥብቆ፣ ኃይል ቆጣቢነትንም ጨምሮ የራሱን ምልክት አወጣ። ዕቃ መራጩ በስጋት ብቻ ሳይሆን በቁጥር መመራት የቻለው በዚህ መንገድ ነው።

መስኩ ሕመሙን ማምጣቱ ካልተረጋገጠ ደንቡ ምን ይፈይዳል የሚል ሙግት አለ፤ ሙግቱም ክብደት አለው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2005 ሕመሙ እውነተኛ መሆኑን ተቀብሎ፣ ከመስኩ ጋር የሚያያይዘው ሳይንሳዊ መሠረት ግን እንደሌለ ገልጿል። እኔ ግን ደንቡ ከንቱ ነበር አልልም፦ የሠራተኛው አቤቱታ ተደመጠ፣ አምራቾችም መስኩን የሚቀንስ፣ ኤሌክትሪክ የሚቆጥብ ስክሪን ለዓለም ገበያ አቀረቡ።