የብስክሌት ዕድሜ በምን ይታወቃል?

የአራዳው ታላቅ ገበያ በኢጣሊያ ወረራ ዘመን፣ ይኸውም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ወደ መርካቶ ሲዛወር፣ ለሰፈሩ ፒያሳ የሚለው ስም ቀርቷል። በጥገና ሥራም እንደ ካቴና ያሉ የኢጣሊያ ቃላት ይነገራሉ። ከዚህም የተነሣ በአካባቢው የተገኘ አሮጌ ብስክሌት ሁሉ የኢጣሊያ ሥራ ይመስላል። ግምቱን ለመመርመር ከቀለሙ ይልቅ የኋላውን ጎማ እምብርት፣ ማለትም የሽቦ ዘንጎቹ የሚሰባሰቡበትን ቀፎ፣ መመልከት ይበጃል።

በቀፎው ላይ በላቲን ፊደል «ቶርፔዶ» የሚል ቢገኝ፣ የጀርመኑ የፊኽቴልና ዛክስ ኩባንያ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1903 በሽቫይንፉርት ከተማ የወጣው ይህ መሣሪያ ሦስት ተግባራትን አጣምሯል፤ ፔዳሉ ወደ ፊት ሲረገጥ ጎማውን ይነዳል፤ እግር ሲያርፍ ጎማው በነጻ ይሽከረከራል፤ ወደ ኋላ ሲረገጥ ደግሞ የውስጡ ፍሬን ተለጥጦ ቀፎውን ይይዛል።

በብዙዎቹ ቀፎዎች ላይ የተሠሩበት ዓመት በሁለት አኃዝ ተመትቷል። ስሕተት የሚመጣውም እዚህ ላይ ነው። «38» የሚለውን 1938 ዓ.ም. ብለን ብናነብ፣ ዕቃው ከነጻነት በኋላ የተሠራ ይሆናል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. 1938 በእኛ አቆጣጠር 1930 ወይም 1931 ስለሆነ፣ የተሠራው ወረራው ሳያበቃ ነው።

ከዚህም ሌላ፣ እምብርት ከአንዱ ተፈትቶ ለሌላው ይገጠማል፤ የሌላ አገር ፋብሪካዎችም በቶርፔዶ ይጠቀሙ ነበር። ስለዚህ ቁጥሩ የሚመሰክረው ስለ ራሱ ብቻ ነው። ብረቱ ለቁራሌው ከመሰጠቱ በፊት የእምብርቱንና የአካሉን ቁጥር ለየብቻ፣ ከነዘመን አቆጣጠሩ መመዝገብ የሙያችን ግዴታ ነው።