የይለፍ ደብዳቤና ደጅ ጥናት

(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር የታተመ)

ሰው ከአገሩ ወጥቶ በሰው አገር ብዙ ዘመን ለመቀመጥ በተነሣ ጊዜ በመጀመሪያ የሚገጥመው ባሕርም በረሓም አይደለም፤ ደጃፍ ነው። በደጃፉ ላይ የቆመው ዘበኛ ወረቀት ይጠይቃል። መንገደኛው የተጠየቀውን ይዞ ሲመለስ ደግሞ ሌላ ወረቀት ይፈለግበታል። ይህ ነገር የዛሬ ዘመን ፈሊጥ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን ታሪክን መለስ ብለን ስንመረምረው፥ በተለይም በአባይና በበሺሎ መካከል ያለውን የምዕራብ ወሎን ደጋ፥ ማለት ቦረናን፥ ሳይንትን፥ ወግዲን፥ ከላላንና እስከ መቅደላ ያለውን ምድር ስንመለከት፥ ነገሩ አምስት መቶ ዓመት ያለፈው ሆኖ እናገኘዋለን። ልዩነቱ አንድ ነው። በዚያን ዘመን ደጅ የሚጠናው ባዕድ ነበር፤ ዛሬ ግን ደጅ ጠኚው የዚሁ አገር ልጅ ሆኗል።

በቀድሞው ዘመን ወደ ኢትዮጵያ የሚገባ እንግዳ የሚጠየቀው ነገር በመጽሐፍ ተጽፎ አልተቀመጠም፤ ሆኖም በልማድ የታወቀ ነበር። ከሁሉ አስቀድሞ በድንበሩ ቆሞ መልእክት ይልካል፤ የንጉሡ ቃል ሳይመጣ ከኬላው ማለፍ አይችልም። ሲፈቀድለትም እጅ መንሻ ይዞ ይቀርባል። ጉዳዩን ለንጉሡ የሚያሰማለት ባልደረባ ይሰጠዋል፤ ባልደረባ የሌለው እንግዳ አንደበት እንደሌለው ይቈጠራል። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ መግባት ሌላ፥ መውጣት ሌላ ነበር። ለመግባት ፈቃድ እንዳስፈለገው ሁሉ ለመውጣትም ሌላ ፈቃድ ያስፈልገዋል።

የዚህን ነገር ክብደት ከማንም በላይ ያየ ፔሮ ዳ ኮቪልያን የሚባለው የፖርቱጋል ሰው ነው። በ1479 ዓ.ም. ከሊዝበን ተነሥቶ በግብፅ፥ በህንድና በዐረብ አገር ከዞረ በኋላ በ1486 ዓ.ም. አካባቢ ወደ አፄ እስክንድር ግቢ ደረሰ። ንጉሡም በደኅና ተቀበሉት፤ በክብር ወደ አገሩ ሊሰዱትም ቃል ሰጡት። ነገር ግን ወዲያው ዐረፉ። ከጥቂት ወራት በኋላ ዙፋኑን የያዙት አፄ ናዖድ ደግሞ የወንድማቸውን ቃል አልፈጸሙም። ከእርሳቸው ቀጥለው የነገሡት አፄ ልብነ ድንግልም እንዲሁ አልለቀቁትም። ርስት ተሰጠው፤ ሚስት አገባ፤ ልጆች ወለደ፤ በግቢውም የተከበረ ሰው ሆነ። ሆኖም የመውጫ ፈቃድ ሳያገኝ ዕድሜውን በኢትዮጵያ ጨረሰ። ያልተጻፈ ፈቃድ ከሰጪው ሞት በኋላ እንደማይተርፍ ይህ ሰው ታላቅ ምስክር ነው።

በ1512 ዓ.ም. ምጽዋ የወረደው የሮድሪጎ ዴ ሊማ መልእክተኛ ጓድም ከዚያው ደጅ ጥናት አላመለጠም። በጓዱ ውስጥ የነበረው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ እንደ ጻፈው፥ ወደ ግቢው ከደረሱ በኋላ ንጉሡን ፊት ለፊት ለማየት ብዙ ጊዜ ጠብቀዋል። ስላመጡት እጅ መንሻም ጥያቄ በጥያቄ ላይ ተደራርቦባቸዋል። ይሁን እንጂ ያ መቈየት ለታሪክ ጠቅሟል። አልቫሬስ በቤተ አምሐራ እየተዘዋወረ አፄ ናዖድ ጀምረው አፄ ልብነ ድንግል የፈጸሙትን የመካነ ሥላሴን ቤተ ክርስቲያን አይቶ ጽፎልናል። ያ ሕንፃ በ1524 ዓ.ም. በኢማም አሕመድ ጦር ተቃጥሎ ስለ ጠፋ፥ የአልቫሬስ ምስክርነት ዋጋው ከፍ ያለ ነው። መልእክተኞቹ ወደ አገራቸው ለመመለስ መርከብ የተሳፈሩት በ1518 ዓ.ም. ነው፤ ይህም ስድስት ዓመት መሆኑ ነው።

ነገር ግን፥ አድማጮች ሆይ፥ በወረቀት መጠርጠር በባዕዳን ላይ ብቻ የደረሰ አልነበረም። እቴጌ እሌኒ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ የላኩት ማቴዎስ የሚባለው አርመናዊ መልእክተኛ በ1505 ዓ.ም. በህንድ ጎዋ በደረሰ ጊዜ፥ ደብዳቤና የመስቀል ግማድ ይዞ ሳለ፥ እውነተኛ መልእክተኛ መሆኑን ብዙዎች አላመኑም። «ሰላይ ነው» የሚሉም ነበሩ። በመርከብ ላይም ተዋርዷል። በ1506 ዓ.ም. ሊዝበን ደርሶ ንጉሥ ማኑኤል በክብር ሲቀበሉት ነው ስሙ የጠራለት። ደብዳቤው ያው ደብዳቤ ነበረ፤ የተለወጠው የተመልካቹ ዐይን ነው።

አሁን ወደ ሦስት መቶ ዓመት አልፈን ወደ መቅደላ እንምጣ። ዛሬ በመካነ ሰላም ከተማ ያለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ስሙን የወረሰው ይህ አምባ፥ በይለፍ ደብዳቤ ምክንያት ከተነሡት ጠቦች ሁሉ የከፋው የተፈጸመበት ነው።

አፄ ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ፤ መልእክተኞች ልልክ አስቤአለሁና መንገዱ ይመቻችልኝ ማለታቸው ነበር። ደብዳቤው በዚያው ዓመት ሎንዶን ደረሰ፤ ከዚያም ያለ መልስ ቀረ። ንጉሡ መልስ ጠብቀው ባጡ ጊዜ በ1856 ዓ.ም. ቆንስሉን ካሜሮንን አሠሩ። የእንግሊዝ መንግሥትም ከዚህ በኋላ በኤደን ይሠራ የነበረውን የሞሱል ተወላጅ ሆርሙዝድ ራሳምን የንግሥቲቱን ደብዳቤ አስይዞ ላከ።

ራሳም በሐምሌ 1856 ዓ.ም. ምጽዋ ደረሰ፤ የመግቢያ ፈቃድም ለመነ። መልስ አልመጣም። ደግሞ ጻፈ፤ አሁንም አልመጣም። በምጽዋ ሙቀት አንድ ዓመት ሙሉ ተቀመጠ። በነሐሴ 1857 ዓ.ም. መልስ ሲመጣ ደብዳቤው ማኅተም አልነበረበትም። ደግሞም ትግሬ በሽፍታ ስለ ታወከ በዚያ ሳይሆን በመተማ በኩል እንዲመጣ የሚያዝዝ ነበር። መንገዱን ሁሉ ለውጦ፥ በሱዳን ዞሮ፥ በጥር 1858 ዓ.ም. ከንጉሡ ፊት ቀረበ።

ንጉሡ ራሳምን በደስታ ተቀበሉት፤ እስረኞቹንም ፈቱለት። ሁሉ የተፈጸመ መሰለ። ነገር ግን ሊሄዱ በተሰናዱበት ወራት ንጉሡ ሐሳባቸውን ለወጡ። አሁን የሚፈለገው ደብዳቤ ብቻ አልነበረም፤ የእጅ ሥራ ዐዋቂዎችና የፋብሪካ መሣሪያ ሆነ። ሚስዮናዊው ፍላድ ሚስቱንና ልጆቹን እንደ መያዣ ትቶ ይህን ጥያቄ ይዞ ወደ እንግሊዝ ተላከ። ሠራተኞቹና መሣሪያው በእውነት እስከ ምጽዋ መጥተው ነበር። ነገር ግን እንግሊዞች በበኩላቸው «እስረኞቹ አስቀድመው ይለቀቁ» የሚል አዲስ ውል ጨመሩ። አንዱ «አስቀድመህ ስጥ» ሲል ሌላው «አስቀድመህ ልቀቅ» እያለ ነገሩ ተቋጠረ። ራሳምና ጓደኞቹ በሐምሌ 1858 ዓ.ም. መቅደላ ወጡ፤ የተለቀቁትም በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በጦር ነው። ሚያዝያ 6 ቀን አፄ ቴዎድሮስ በገዛ እጃቸው ሞቱ። መልስ ሳያገኝ በመዝገብ ቤት የተቀመጠ አንድ ደብዳቤ የስንቱን ሰው ነፍስ እንዳስከፈለ ልብ ይሏል።

ከዚህ በኋላ ዘመኑ ልማድን በሕግ እየተካ መጣ። በ1922 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዜግነት ሕግ ታወጀ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1969 የጉዞ ሰነድንና ቪዛን መስጠት፥ የውጭ አገር ሰዎችንም መመዝገብ የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 271 ወጣ። በደርግ ዘመን ግን የጥንቱ ልማድ በአዲስ ልብስ ተመለሰ። ከአገር ለመውጣት የመውጫ ቪዛ፥ ከአውራጃ ወደ አውራጃ ለመሄድም ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ይጠየቅ ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በፈለገው ጊዜ ከአገሩ የመውጣትና የመመለስ ነጻነት እንዳለው ደነገገ።

ታዲያ የመውጫው ደጅ ሲከፈት የመግቢያው ደጅ በሌላው እጅ ነበር። ከወሎ ደጋ ወጣቶች፥ በተለይም ሴቶች፥ ወደ ሳዑዲ ዐረቢያና ወደ ሌሎች የዐረብ አገሮች ለሥራ መጓዝ ጀመሩ። በዚያም ኢቃማ የሚባለው የመኖሪያ ፈቃድ ለረዥም ዘመን ከአሠሪው ጋር ተቋጥሮ ኖሯል። ሠራተኛዪቱ አሠሪዋን ትታ በወጣች ጊዜ ወረቀቷም ከእርሷ ጋር አይወጣም። የኮቪልያን ዕጣ በዚህ ተመልሶ ይታያል፤ ገብቶ ለመውጣት የሌላ ሰው ፈቃድ ማስፈለጉ ነውና።

በአገራችንም በኩል የሚጠየቀው ነገር በአጭር ዘመን ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል። በ1990 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲዎችን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 104 ወጣ። በ2001 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 632 ተተካ። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. በሠራተኞች ላይ ከሚደርሰው ግፍ የተነሣ ጉዞው ጨርሶ ታገደ። ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ሳዑዲ ዐረቢያ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን መለሰች። በ2008 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 923 ወጥቶ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰና የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ያለው ብቻ እንዲሄድ አዘዘ። እገዳው በ2010 ዓ.ም. ተነሣ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1246 የስምንተኛ ክፍሉን ግዴታ አስቀርቶ የሙያ ብቃቱን ማረጋገጫ አጸና።

ከሕጎቹ እያንዳንዱ የራሱ ምክንያት አለው፤ ሐሳቡም ሠራተኛውን ለመጠበቅ ነው። ነገር ግን ለቦረና ወይም ለሳይንት ገበሬ ልጅ ነገሩ እንዴት ይታያል? ሰባተኛ ክፍል ላይ ትምህርቷን ያቋረጠች ልጅ ትናንት መሄድ ትችል ነበር፤ ዛሬ አትችልም፤ ነገ ትችላለች። በመካከሉ ቤተ ሰቡ በሬ ሸጦ፥ ብድር ገብቶ ያወጣው ገንዘብ አለ። የሕጉ በር ሲዘጋ የደላላው በር ይከፈታል። በአፋር በረሓ ወደ ጅቡቲ ጠረፍ፥ ከዚያም በጀልባ ወደ የመን የሚወስደው መንገድ ማኅተምም ምስክር ወረቀትም አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ነፍስን ነው።

ደግሞ ሌላ እንቅፋት አለ። ወሳኝ ኩነት በመላ አገሪቱ መመዝገብ የጀመረው ከሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት በገጠር የተወለደ ሰው ልደቱ በክርስትናው፥ በመውሊድ፥ ወይም በዚያ ዓመት በሆነው ድርቅ ይታወስ እንደ ሆነ ነው እንጂ በመዝገብ አልነበረም። ስለዚህ አንዱ ወረቀት በኢትዮጵያ አቈጣጠር፥ ሌላው በአውሮፓ አቈጣጠር ሲጻፍ፥ የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት ይፈጠራል፤ ባለ ወረቀቱም የሌላ ሰው ሰነድ የያዘ ይመስላል። የስምም ነገር እንዲሁ ነው። እኛ የምንጠራው በራሳችን፥ በአባታችንና በአያታችን ስም ነው። መሐመድ የሚለውን ስም በላቲን ፊደል አንዱ ጸሐፊ አንድ ዓይነት፥ ሌላው ሌላ ዓይነት አድርጎ ይጽፈዋል። በትምህርት ቤቱ፥ በቀበሌውና በፓስፖርቱ ላይ ያለው ፊደል ካልተስማማ ጉዳዩ ከመጀመሪያው ይጀመራል። በ2015 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1284 የተመሠረተው የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ ይህን ያቃልላል ተብሎ ይታሰባል። ይህም የሚሆነው ሲመዘገብ የተጻፈው ስምና ዕድሜ ትክክል እንደ ሆነ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ምን እንማራለን? የደጅ ጠባቂ ጥያቄውን የሚለዋውጠው በሦስት ምክንያት መሆኑን እናያለን። አንዱ ፍርሃት ነው፤ አፄ ቴዎድሮስ መንገዱን ወደ መተማ ያዞሩት ስለ ሽፍታው ነበር። ሁለተኛው የባለ ደጁ ፍላጎት ነው፤ ደብዳቤው ወደ ሠራተኛና ወደ መሣሪያ የተለወጠው በዚህ ነው። ሦስተኛው መንገደኛውን ለመጠበቅ ሲባል ነው፤ የዘመናችን አዋጆች ከዚህ ወገን ናቸው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ማስቀረት አይቻል ይሆናል። ሦስተኛው ግን ሊጠብቀው የተነሣውን ሰው እንዳይጎዳ ማድረግ ይቻላል። ለውጡ ከመጽናቱ በፊት እስከ ቀበሌ ድረስ በሚሰማ ቃል ይነገር፤ ምክንያቱም ይገለጽ፤ በቀድሞው ሕግ ማመልከቻውን ያስገባ ሰው በቀድሞው ሕግ ይፈጸምለት። እነዚህን ሦስቱን ለመፈጸም ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም።

ተጓዡም የበኩሉ አለበት። ስሙንና የልደት ዘመኑን በሁሉም ሰነድ ላይ አንድ ያድርግ፤ የእያንዳንዱን ወረቀት ግልባጭ በወላጆቹ ቤት ይተው፤ የሚፈለገውን ነገር ከደላላ አፍ ሳይሆን ከመሥሪያ ቤቱ ጠይቆ ይረዳ፤ ፓስፖርቱንም ለማያውቀው ሰው አደራ አይስጥ።

ክቡራን አድማጮች፤ አባቶቻችን እንግዳን በደጅ ባቈዩ ጊዜ እንኳ ቀለብ ይሰጡት ነበር፤ ባልደረባም ያቆሙለት ነበር። ዛሬ ከመካነ ሰላም ተነሥታ በአዲስ አበባ በየመሥሪያ ቤቱ ደጅ የምትጠና ልጅ ቀለቡን ከራሷ ታወጣለች። ስለዚህ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልጋት ባልደረባ ነው፤ ማለት ምን ወረቀት እንደጐደላት፥ ለምን እንደ ተፈለገና እስከ መቼ እንደሚጸና በእውነት የሚነግራት ሰው ነው።