ጥርኝ ውኃ በሚዛን ላይ

በዘጌው ዑራ ኪዳነ ምሕረት የመቅደሱን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ከሞሉት ሥዕሎች መካከል ያየውን ሁሉ የሚያስቆም አንድ ሰው አለ፤ በላዔ ሰብእ። የካቲት 16 የኪዳነ ምሕረት በዓል በደረሰ ቁጥር ስሙ በየደብሩ ይነሣል። ቅምር በምትባል አገር የሚኖር ባለጸጋ ነበር ይባላል። በሰፊው በሚነገረው ትውፊት ስሙ ስምዖን ነው፤ እንደ አብርሃም እንግዳ ካልመጣለት ማዕድ የማይቀርብ ደግ ሰው ነበር። ሰይጣን በሥላሴ አምሳል እንግዳ መስሎ መጣና ልጅህን እረድልኝ አለው፤ አረደ። ቅመስ ተባለ፤ ቀመሰ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ምግብ አልጥመው አለ፤ ቤተ ሰቡን ጨምሮ 78 ነፍስ በላ። አንድ ቀን ቁስል የወረሰው ሰው በውኃ ጥም ሊሞት ደርሶ መንገድ ላይ አገኘ። ሰውየው በእግዚአብሔር ስም ለመነው፤ በጻድቃንና በሰማዕታት ስም ለመነው፤ እምቢ አለ። በእመቤታችን ስም ሲለምነው ግን ልቡ ራደና ከያዘው ውኃ ጥርኝ አጠጣው። ሲሞት ነፍሱ ለፍርድ ቀረበች። 78ቱ ነፍሳት በአንዱ ወገን፣ ጥርኙ ውኃ በሌላው ወገን ተመዘኑ፤ እመቤታችን በውኃው ላይ ጥላዋን ጣለችበት፤ ውኃው ሚዛን ደፋ።

ታሪኩ ሲያከራክር ኖሯል፤ ዛሬም ያከራክራል። አንዱ ወገን፣ 78 ሰው የበላ በአንድ ጥርኝ ውኃ ከዳነማ ኃጢአት ምን ዋጋ አለው ይላል። ሌላው ወገን ስለ ምልጃ ኃይል ይመልሳል። ሁለቱም የሚከራከሩት በተጻፈው ቃል ላይ ነው፤ ሥዕሉን ለምስክርነት የሚጠራ አልበዛም። ሥዕሉ ግን ከደጋፊውም ከተቃዋሚውም ይልቅ ታሪኩን በጥንቃቄ ያነበበ ይመስለኛል። ምክንያቱም ሠዓሊው ታሪኩን የከፋፈለው ዛሬ የካርቱን ሠዓሊ እንደሚያደርገው ነው፦ አንዱ ትዕይንት ከሌላው ቀጥሎ፣ በላዩ አጭር ጽሑፍ ተጨምሮበት፣ ዓይን ተራ በተራ እንዲከተለው። ቅዱስ ሥዕልን ካርቱን ማለት ማቃለል ነው የሚል ሰው ይኖራል፤ ቅሬታውም መሠረት አለው። ቤተ ክርስቲያን ግን ራሷ ልዩነት ታደርጋለች። ምእመኑ ቆሞ የሚጸልይበትና የሚሰግድበት ሥዕለ አድኅኖ አንድ ነገር ነው፤ ታሪክን ለማያነበው ሕዝብ የሚተርክ ሥዕል ደግሞ ሌላ። በላዔ ሰብእ የሁለተኛው ወገን ነው። የሰው ሥጋ ሲበላ የተሣለ ሰው ፊት ማንም አይሰግድም፤ ያየዋል፣ ይደነግጣል፣ ከዚያም ወደ ቀጣዩ ትዕይንት ያልፋል።

የታሪኩ ምንጭ ተአምረ ማርያም ነው። መጽሐፉ በዐፄ ዳዊት ዘመን፣ በ14ኛው መቶ ዓመት ማብቂያና በ15ኛው መባቻ፣ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ተመለሰ፤ በኢትዮጵያም ሌሎች ተአምራት እየተጨመሩበት ሰፋ። ልጁ ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1434 እስከ 1468 የነገሠው፣ በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ አዘዘ፤ የእመቤታችንን 33 በዓላትም ሠራ። በዚያው ዘመን ፍሬ ጽዮን የተባለ መነኩሴ ሠዓሊ ስሙን የጻፈበት የእመቤታችን ሥዕል በጣና ደሴት በዳጋ እስጢፋኖስ ይገኛል። የጎንደር ዘመን ሲመጣ ተአምረ ማርያም በብራና ላይ በብዙ ሥዕል ያጌጠ መጽሐፍ ሆነ። በ1868 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከመቅደላ ከተዘረፉት ብራናዎች መካከል እንዲህ ያሉ ነበሩ፤ ዋሊስ በጅ የተባለው እንግሊዛዊ ምሁር አንዳንዶቹን በ1900 ለንደን ላይ ከነሥዕላቸው አሳተመ። አውሮፓውያን ገጾቹን በመገረም አዩ። እዚህ አገር ግን ያ ዓይነት ሥዕል ማንም ገበሬ በሰንበት የሚያየው ነገር ነበር።

አነባበቡም የራሱ ሕግ አለው። በድሮው ሥዕል ላይ ያለው የግእዝ ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ «ዘከመ» በሚል ቃል ይጀምራል፤ በአማርኛ «እንዴት እንደ» ማለት ነው። ይህን እንዳደረገ፣ ይህን እንዳለ፣ ይህ እንደሆነበት። ጽሑፉ ሰውየውን ብቻ አይጠቁምም፤ ድርጊቱን በሂደት ላይ ይይዘዋል። ቆየት ብሎ ጽሑፉ በአማርኛ ሲሆን ደግሞ «ሲበላ»፣ «ሲያጠጣ»፣ «ስትለምን» በሚል ቅርጽ መጣ፤ ድርጊቱ ገና እየተፈጸመ ያለ ይመስላል። ሁለተኛው ሕግ የፊት ነው። ደጋግ ሰዎች ሁለቱ ዓይኖቻቸው እንዲታዩ ሆነው ወደ ተመልካቹ ይዞራሉ፤ ሰይጣንና ክፉዎች በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ሕጉ ሁልጊዜ ባይጠበቅም ተመልካቹ ያውቀዋል። በላዔ ሰብእ ሠዓሊውን እዚህ ላይ ይፈትነዋል፤ በመጀመሪያው ትዕይንት ከክፉ ወገን የሆነው ሰው በመጨረሻው ከሚድኑት ነው፤ በአንድ ዓይን ይሣል ወይስ በሁለት? ሦስተኛው ሕግ ደግሞ የዕለት ኑሮ ነው። በእነዚህ ሥዕሎች እመቤታችን ብሥራቱን የምትሰማው እንዝርት ይዛ ስትፈትል ነው፤ በ19ኛው መቶ ዓመት ግድግዳዎች የፈርዖን ሠራዊት ጠመንጃ ተሸክሞ በባሕር ይሰጥማል። ሠዓሊው ታሪኩን ከተመልካቹ ቤት ዕቃ፣ ከልብሱና ከፍርሃቱ ጋር ያገናኘዋል።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር። የበላዔ ሰብእ ታሪክ ሲሣል ከሁሉ ጎልተው የሚታዩት ሦስት ትዕይንቶች ናቸው፦ መብላቱ፣ ማጠጣቱና ሚዛኑ። «ርካሽ ምሕረት ነው» የሚለው ተቃውሞ የሚነሣው አንደኛውንና ሦስተኛውን አንብቦ ሁለተኛውን ከመዝለል ነው። በአንደኛው 78 ነፍስ፣ በሦስተኛው ጥርኝ ውኃ፤ እንዲህ ሲጣመሩ ነገሩ የሒሳብ ይመስላል፤ ሒሳቡም አይወጣም። በጽሑፉ ውስጥ ማጠጣቱ ጥቂት መስመር ብቻ ነው። በሥዕል ግን ራሱን የቻለ ትዕይንት ሆኗል፤ ሠዓሊው የለማኙን እጅና የሚፈስሰውን ውኃ ከሚዛኑ እኩል ቦታ ሰጥቶታል። በዚያ ትዕይንት ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ይተያያሉ። አንዱ እስከዚያ ቀን ድረስ የሰውን ልጅ ሁሉ እንደ ሥጋ ሲያይ የኖረ ነው፤ እናቱንም ባልንጀራውንም የሚለይበት ዓይን አልነበረውም። አሁን ከፊቱ ያለው የሚበላ ሳይሆን የሚለምን ሰው ነው። ውኃውን ሲሰጠው ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው አየ። ንስሐ ከሚባለው ነገር ሌላ ምን ይቀራል? በንግግር የተናዘዘበት ትዕይንት የለም፤ እጁ ግን ተናዝዟል።

ስለዚህ ከውኃው በኋላ ምን ሆነ የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም። አንዳንዱ ተራኪ ከማጠጣቱ በቀጥታ ወደ ሞቱና ወደ ሚዛኑ ይሻገራል፤ የሚያስቀይመውም ይኸው አተራረክ ነው። ሌላው ግን ሰውየው ከዚያ በኋላ ልቡ ተሰብሮ ሥጋ መብላቱን ትቶ በልቅሶ እንደሞተ ይናገራል። ሁለተኛው አተራረክ ከሥዕሉ አካሄድ ጋር ይስማማል። ወደ ሚዛኑ የቀረበችው ነፍስ በመጀመሪያው ትዕይንት ያየናት አይደለችም፤ በመካከል ተለውጣለች። የእመቤታችን ጥላም በባዶ ሚዛን ላይ አልወደቀም፤ ውኃው አስቀድሞ ነበረ። ሠዓሊዎቹ ጥላውን ወይም እጇን ከውኃው በላይ አድርገው ሲሥሉ ምልጃ የሰውን ሥራ አይሽርም፣ ትንሹን ሥራ ያነሣዋል ማለታቸው ነው። ይህን በቃል ለማስረዳት ረጅም ስብከት ያስፈልጋል። በሥዕል አንድ ክንድ በቂ ነው።

ሌላው ተቃውሞ ከታሪክ በኩል ይመጣል፤ ነገሩ ሁሉ የዘርአ ያዕቆብ ፖለቲካ ነው የሚል። ንጉሡ ለእመቤታችን ሥዕልና ለመስቀል መስገድን እንደ ታማኝነት መለኪያ ያደርግ ነበር፤ አልሰግድም ያሉት ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉ መነኮሳት ተገረፉ፣ ተሰደዱ፣ ተገደሉ። ምሁሩ ጌታቸው ኃይሌ ታሪካቸውን ለአማርኛ አንባቢ ካቀረበልን በኋላ ያን ዘመን በበዓል ዓይን ብቻ ማየት አይቻልም። ተቃውሞው እውነት ይዟል፤ ማርያምን የሚያስጠራ ታሪክ ለቤተ መንግሥት ይመች ነበር። ግን ዐዋጅ መጽሐፉን በቤተ ክርስቲያን ማስነበብ ይችላል እንጂ ከአራት መቶ ዓመት በኋላ አንድ የገጠር ሠዓሊ በራሱ ቀለም ያንኑ ታሪክ መርጦ እንዲሥል አያደርገውም። በላዔ ሰብእ ንጉሡም ሞቶ፣ ዐዋጁም ተረስቶ ቀጥሏል። ያቆየው የሰውየው ጭካኔና የውኃው ማነስ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ተመልካቹን ራሱን ያስጠይቀዋል። ቅምር የት ነው ተብሎ ካርታ ላይ መፈለጉም እንግዲህ ብዙ አያራምድም።

የሠዓሊዎቹን ነገር ባጭሩ ልለፈው። አብዛኞቹ ደብተራዎችና ካህናት ነበሩ፤ ሥራቸውን ከመምህር ተምረው ለደብር ያበረክቱ ነበር፤ ፍሬ ጽዮንን የመሰሉት ካልሆኑ በቀር ስማቸውን አልጻፉም። ከ18ኛው መቶ ዓመት ወዲህ ብዙዎቹ ሥዕሎች በቀጥታ በግድግዳው ላይ አልተሣሉም፤ በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥለው ጨርቁ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ጨርቁ በአገር ሸማኔ የተሠራ ነበር፤ ኋላ ላይ ከውጭ የሚመጣው አቡጀዲ ተተካ። እንግዲህ እነዚህ ትዕይንቶች በሙሉ የተዘረጉት በተፈተለ ጥጥ ላይ ነው፤ እንዝርት የያዘችው እመቤታችንም ጭምር።

ጥጥ ሲነሣ ዱብቲ መነሣቷ ግድ ነው። በታችኛው አዋሽ ሸለቆ፣ ዱብቲ ላይ፣ የተንዳሆ የጥጥ እርሻ በ1950ዎቹ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ ሚቸል ኮትስ በተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ሽርክና ተቋቋመ፤ ከአብዮቱ በኋላ ተወረሰ፤ በኋላም መሬቱ ለሸንኮራ አገዳ ዋለ። በእርሻው ምክንያት ከወሎና ከሌላውም ደጋ ብዙ ክርስቲያን ሠራተኛ ወደ አፋር ምድር ወረደ፤ ኪዳነ ምሕረትን ይዞ ወረደ ማለት ነው። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት፣ አዋሽ ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ በሚቀርበት በዚህ አገር የበላዔ ሰብእ ታሪክ ደጋ ላይ ከሚሰማው በተለየ ክብደት ይሰማል። ዘጌ ላይ ጥርኝ ውኃ የሚቀዳው ከጣና ነው፤ ጣና ደግሞ ከሥዕሉ ቤት ደጅ ነው። ዱብቲና ሰመራ መካከል ግን እኩለ ቀን ላይ ጥርኝ ውኃ ምን እንደሚመዝን ለማስረዳት ሚዛን አያስፈልግም።

ታሪኩን የማያውቀው የአፋር ጎረቤትም ለነገሩ እንግዳ አይደለም። ዳጉ የተባለውን የአፋር የወሬ ልውውጥ የሚያደርግ መንገደኛ ወሬውን ሳይጨርስ ወተት ወይም ውኃ ይቀርብለታል። በእስልምናም በትንሣኤ ቀን ሥራ የሚመዘንበት ሚዛን አለ፤ ቡኻሪና ሙስሊም ባቆዩት ሐዲስ ደግሞ አንዲት ሴተኛ አዳሪ በጥም ምላሱ የተንጠለጠለ ውሻ አይታ፣ በጫማዋ ከጉድጓድ ውኃ ቀድታ ስላጠጣችው ኃጢአቷ ይቅር ተባለላት። በዚያም ታሪክ ኃጢአቱ ትልቅ፣ ውኃው ትንሽ ነው፤ በዚያም መካከለኛው ትዕይንት ካልታየ ነገሩ ሒሳብ ይመስላል። የፊታችን የካቲት 16 የተንዳሆ ሠራተኛ ልጅ ታሪኩን በዱብቲ ሲሰማ፣ በጉርብትና የሚያድገው የአፋር ልጅ ያችን ሴትና ውሻውን ከአባቱ ሰምቷቸው ይሆናል። ሁለቱን በአንድ ገጽ፣ ትዕይንት በትዕይንት ጎን ለጎን የሚሥልላቸው ሰው ቢገኝ፣ ልጆቹ መጀመሪያ የሚቀስሩት ጣት ውኃው ላይ የሚያርፍ ይመስለኛል።