የባህል ምሽት ላይ የምንለብሰው ሸማ የማን ነው?

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የጻፍኩት፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

ሽሮ ሜዳ ለሚኖር ሰው ውጭ አገር "የኢትዮጵያ ምሽት" ሊዘጋጅ መሆኑን ለማወቅ ማስታወቂያ አያስፈልገውም። ሱቆቹን ማየት ይበቃዋል። ነጋዴዋ በአንድ እጇ ስልክ፣ በሌላው ቀሚስ ይዛ በቪዲዮ ታሳያለች። ከወዲያ ማዶ አንዲት ተማሪ "ጥበቡ ሰፋ ያለ የለም? ለስምንት ሰው ነው፤ ለዩኒቨርሲቲ ፕሮግራም" ትላለች። ዋጋ ይከራከራሉ፣ ይስማማሉ፣ ቀሚሱ በሻንጣ ይሄዳል። ከሳምንታት በኋላ ፎቶው ፌስቡክ ላይ ይወጣል፤ እስክስታ፣ ቡና፣ እንጀራ፣ ባንዲራ፣ ነጭ በነጭ የለበሱ ልጆች። እኛም "እንዴት ያምራል!" ብለን እናልፋለን።

ያምራል፤ እውነት ነው። ግን ተማሪ በሰው አገር የሚያዘጋጀው የባህል ምሽት የጭፈራ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ታሪክ አለው። "እኛ ማን ነን?" የሚለው ጥያቄ በተደጋጋሚ የተነሣው እንዲህ ባሉ ምሽቶች ላይ ነው። መልሱ ውስጥ ማን እንደገባና ማን እንደተረሳ ማየት ደግሞ ለእኛ ለሽሮ ሜዳ ሰዎች የቤት ጉዳይ ነው።

መጀመሪያ ትንሽ ራቅ ብለን እንሂድ፤ ወደ ባልካን። "ባልካን ከእኛ ጋር ምን አገናኘው?" የሚል ካለ፣ ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል ወርዶ ስድስት ኪሎ አደባባይ ላይ ይቁም። የየካቲት 12ን ሰማዕታት ሐውልት የሠሩት አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች የሚባሉ ከዚያን ጊዜዋ ዩጎዝላቪያ የመጡ ቀራጮች ናቸው። የእኛን ሐዘን በነሐስ የቀረጹልን የባልካን ሰዎች ናቸው ማለት ነው። ስለዚህ ሩቅ አይደሉም።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሰርቦች በሁለት ኃያላን መካከል ተከፍለው ነበር የሚኖሩት። ገሚሱ በኦስትሪያ ንጉሠ ነገሥት ሥር፣ ገሚሱ ገና ለቱርክ ሱልጣን ግብር በሚከፍል ትንሽ መስፍናዊ አገር። ወጣቶቹ ለትምህርት የሚሄዱት ወደ ቪየናና ወደ ፔስት ነበር። እዚያም ማኅበር አቋቋሙ። የቪየናው ማኅበር ስሙ "ዞራ" ነበር፤ ጎህ እንደማለት ነው። እነዚህ ተማሪዎች "ቤሴዳ" የሚሉትን ምሽት ያዘጋጁ ነበር። ንግግር ይደረጋል፣ ግጥም ይነበባል፣ መዘምራን ይዘምራሉ፣ በመጨረሻም እጅ ለእጅ ተያይዘው ክብ ሠርተው "ኮሎ" ይጨፍራሉ። ትልቁ ምሽት የቅዱስ ሳቫ ቀን ነው፤ ቅዱስ ሳቫ ለእነሱ የትምህርት ቤት ጠባቂ ነው። እኛ ቅዱስ ያሬድን ከዜማ ትምህርት ጋር እንደምናያይዘው ዓይነት ነገር በሉት።

ላይ ላዩን ሲታይ ምንም የሚያስፈራ ነገር የለውም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1866 እነዚሁ የ"ዞራ" ተማሪዎች በየከተማው የተበተኑትን ወጣቶች ኖቪ ሳድ ላይ ሰበሰቡና አንድ ትልቅ የወጣቶች ኅብረት ተመሠረተ። ግጥም ሲያነብ የነበረው ተማሪ "አንድ ሕዝብ ነን" ማለት ጀመረ። ነገሩ በወዲህም በወዲያም ያሉትን መንግሥታት አላስደሰተም፤ ኅብረቱ ብዙ ሳይቆይ ፈረሰ። ጥያቄው ግን አልፈረሰም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ። እነዚያ ተማሪዎች መድረክ ላይ ያወጡት የጀግንነት ዘፈን ከየት መጣ? ቩክ ካራጂች የሚባል ሰው ቪየና ተቀምጦ የሕዝቡን ዘፈን ሲሰበስብ ዕድሜውን ጨርሷል። ዘፈኑን የተቀበለው ከገበሬ፣ ከእረኛ፣ ከዓይነ ስውር ዘፋኝ ነው። ዘፋኞቹ "ጉስሌ" የምትባል ባለ አንድ ክር መሣሪያ ይመታሉ፤ የእኛ መሲንቆ እኅት ናት። ቩክ ዘፈኑን ብቻ ወስዶ አልሄደም። የዋና ዋናዎቹን ዘፋኞች ስምና ታሪክ አብሮ ጻፈ። ስለዚህ ዛሬ አንድ የሰርቢያ ልጅ ትምህርት ቤት ውስጥ ፊሊፕ ቪሽኒች የሚባለውን ዓይነ ስውር ዘፋኝ በስሙ ያውቀዋል። ኮሎ እ.ኤ.አ. በ2017 በዩኔስኮ መዝገብ ሲሰፍር፣ ዛሬም የሰርቢያ ተማሪዎች በሰው አገር ግቢ ውስጥ ክብ ሠርተው ሲጨፍሩት፣ ከበስተኋላው ስም ያላቸው ሰዎች አሉ።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ።

በ1950 ዓ.ም. አካባቢ የእኛው አራት ኪሎ ለሌሎች "ሰው አገር" ሆነ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለአፍሪካውያን ወጣቶች 200 ነፃ የትምህርት ዕድል ሰጥተው ስለነበር፣ ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከናይጄሪያና ከሌሎችም አገሮች ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ መጡ። በኋላ የኬንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆኑት ሮበርት ኡኮ አንዱ ነበሩ። እነዚህ ልጆች ከመጽሐፍ ጋር ፖለቲካም ይዘው ነው የመጡት፤ አገራቸው ከቅኝ ገዢ ጋር እየታገለ ነበርና። የእኛ ልጆች ደግሞ "ሦስት ሺህ ዘመን ነፃ ነን" ብለው ያደጉ ናቸው። ሁለቱ በአንድ ማደሪያ ሲገናኙ ጥያቄ መፈጠሩ አይቀርም። "ነፃ ናችሁ፤ ታዲያ ገበሬያችሁ ለምን እንዲህ ሆነ?"

ጥያቄው መድረክ ያገኘው የኮሌጅ ቀን በሚባለው በዓል ላይ ነው። ስፖርት አለ፣ ጨዋታ አለ፣ የግጥም ውድድር አለ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ይገኛሉ። ከ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር በኋላ ታምሩ ፈይሳ "ድሃው ይናገራል" የሚለውን ግጥሙን እዚያ መድረክ ላይ አነበበ። አስቡት እንግዲህ፤ መኳንንቱ ተቀምጠው፣ ጃንሆይ ፊት፣ ድሃው በተማሪ አፍ ሲናገር! ከዚያ ወዲያ የኮሌጅ ቀን ግጥም እንደ ተራ መዝናኛ አልታየም። በ1950ዎቹ መጨረሻ ላይ ደግሞ ኢብሳ ጉተማ "ኢትዮጵያዊው ማነው?" ብሎ በግጥም ጠየቀ። ርዕሱ ብቻውን ገና መልስ ያላገኘ ጥያቄ ነው። ቪየና የሆነው ነገር አዲስ አበባም ሆነ፤ የባህል በዓሉ የፖለቲካ በር ሆነ።

ከዚያ የልብስ ጉዳይ መጣ።

መጋቢት 21 ቀን 1960 ዓ.ም. ስድስት ኪሎ ራስ መኮንን አዳራሽ የፋሽን ትርኢት ተዘጋጀ። የተማሪዎች ማኅበር ሰዎች "ይህ የባህል ወረራ ነው፤ ሕዝቡ ተርቦ የቅንጦት ልብስ ገበያ ሊከፈትብን ነው" ብለው ተነሡ። ትርኢቱ በረብሻ ተበጠበጠ፣ እንግዶች ተዋከቡ፣ ፖሊስ ገባ፣ ተማሪዎች ታሰሩ፣ ዩኒቨርሲቲውም ተዘጋ። ይህ በተማሪው ንቅናቄ ታሪክ ውስጥ ከሚጠቀሱት ቀኖች አንዱ ነው። የባህል ክርክሩ ክብደት ግን የወደቀው በሴት ተማሪዎች ላይ እንደነበር መዘንጋት የለበትም። ምን ለበስሽ፣ ቀሚስሽ ለምን አጠረ፣ የማንን ባህል ነው የምታሳዪው የተባሉት እነሱ ናቸው።

አሁን የቦታውን ነገር እንይ። ከራስ መኮንን አዳራሽ ተነሥቶ ወደ እንጦጦ ሽቅብ ለሚሄድ ሰው፣ በእግር ግማሽ ሰዓት ገደማ ቢጓዝ ሽሮ ሜዳና የጉለሌ ሸማኔዎች መንደር ይደርሳል። ታች አዳራሹ ውስጥ "የአገር ልብስ ወይስ የውጭ ልብስ" እየተባለ ሲደባደቡ፣ የአገር ልብስ የተባለውን የሚሠሩት ሰዎች እዚያው ከላይ ጉድጓዳቸው ውስጥ እግራቸውን ሰድደው መወርወሪያቸውን እየወረወሩ ነበር። የጠየቃቸው አለ? "ድሃው ይናገራል" ተባለ እንጂ ድሃው ራሱ መድረኩ ላይ አልወጣም።

በኅዳር 1962 ዓ.ም. ዋለልኝ መኮንን "ስትራግል" በተባለው የተማሪዎች መጽሔት ላይ ያወጣት አጭር ጽሑፍ ዛሬም ታጨቃጭቃለች። ከነጥቦቹ አንዱ ልብስን ይመለከታል። ብሔራዊ ቋንቋ፣ ብሔራዊ ሙዚቃ፣ ብሔራዊ ልብስ የምንለው ሁሉ የአማራ ወይም የአማራና የትግሬ ነው፤ የሌላው የት አለ? ነው ነገሩ። በሐሳቡ የሚስማማም የማይስማማም አለ፤ ዛሬ እሱን ለመዳኘት አልመጣሁም። አንድ ነገር ግን ልጨምርበት።

ያ "ብሔራዊ ልብስ" የተባለው ነጭ ሸማ በማን እጅ ነው የሚሠራው? እዚህ ሽሮ ሜዳ ብትመጡ መልሱን ታገኛላችሁ። አብዛኞቹ ሸማኔዎች ሥራቸው ከጋሞ ነው፤ ከዶርዜ፣ ከጨንቻ አካባቢ። ከምኒልክ የደቡብ ዘመቻ በኋላ ባሉት ዓመታት ወደ አዲሲቱ ከተማ የመጡ፣ ጉለሌ ላይ የሰፈሩ፣ ሙያውን ከአባት ወደ ልጅ ያስተላለፉ ሰዎች ናቸው። ጥጡን በእንዝርት የሚፈትሉት ደግሞ ሴቶች ናቸው፤ የየብሔሩ እናቶች። ጥለቱን አዛዡ ያዛል፤ የጎንደር ይለዋል፣ የወሎ ይለዋል፣ የራያ ይለዋል፣ ባለ ቀይ ጥቁር ነጩን የኦሮሞ ይለዋል። ድሩን የሚዘረጋው፣ ማጉን የሚያስገባው፣ ጥበቡን የሚያወጣው ያው የጋሞ ልጅ ነው።

እንግዲህ ልብሱ "የአማራ ነው" የሚለውም "የሁላችን ነው" የሚለውም፣ ሁለቱም ሸማኔውን ዘለሉት። ይባስ ብሎ "ዶርዜ" የሚለው የሕዝብ ስም በዚህ ከተማ አፍ ላይ ለረጅም ጊዜ መሳደቢያ ሆኖ ኖሯል። "ቁጢት በጣሽ" የሚለውንም ታውቁታላችሁ። ጥበቡን በትከሻችን፣ ጠቢቡን በምላሳችን ስር አዋልን።

ውጭ አገር የነበሩት ተማሪዎች ታሪክም ከዚሁ አይርቅም። የሰሜን አሜሪካና የአውሮፓ የኢትዮጵያ ተማሪዎች ማኅበራት መጀመሪያ ላይ መገናኛ፣ መጫወቻ፣ የናፍቆት መወጫ ነበሩ። በ1960ዎቹ ግን "ቻሌንጅ" እና "ታጠቅ" የሚያትሙ የፖለቲካ ድርጅቶች ሆኑ። በደርግ ዘመን በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች ወደ ሶቪየት ኅብረት፣ ወደ ምሥራቅ አውሮፓ፣ ወደ ኩባ ሄዱ፤ እነሱም የአገራቸውን ቀን በነጠላና በከበሮ አከበሩ። ዛሬም ከቤይጂንግ እስከ ቶሮንቶ ይከበራል። መንግሥት ሲለዋወጥ፣ ርዕዮተ ዓለም ሲለዋወጥ፣ የባንዲራው ዓርማ ሲለዋወጥ፣ ከመድረኩ ያልጠፋው ሸማው ነው። የሸማኔው ስም ደግሞ አንድ ቀን እንኳ አልተጠራም።

ይህ የስም ነገር ብቻ አይደለም፤ የእንጀራ ነገርም ነው። የጥበቡን ቅርጽ በፋብሪካ ጨርቅ ላይ እያተሙ ከውጭ የሚያስገቡ ነጋዴዎች በርክተዋል። ከሩቅ ለሚያየው ልዩነት የለውም፤ ዋጋው ግን በጣም ይረክሳል። በሌላ በኩል ደግሞ ከጋሞ ገጠር "አስተምርሃለሁ" እየተባሉ መጥተው ከንጋት እስከ ሌሊት በሽመና ጉድጓድ ውስጥ ልጅነታቸው የሚያልፍ ሕፃናት ጉዳይ አለ። ብዙ የተባለለት፣ ያልተፈታ ጉዳይ ነው። ለባህል ምሽት ርካሽ ቀሚስ ስንፈልግ፣ ርካሽነቱ ከየት እንደመጣ አለመጠየቅ ይህን ሁሉ አይቶ እንዳላየ ማለፍ ነው።

ታዲያ ምን ይሁን? የባህል ምሽት ይቅር አልልም። ኧረ ይድመቅ! ልጆቻችን በሰው አገር አንገታቸውን ቀና የሚያደርጉበት ቀን ነው። የምለው ከእነዚያ የቪየና ተማሪዎች አንድ ነገር እንዋስ ነው። እነሱ ዘፈኑን ይዘው ሲወጡ ዘፋኙ ስም ነበረው። እኛም ልብሱን ስንለብስ ሸማኔው ስም ይኑረው። የፕሮግራሙ ወረቀት ላይ ከምግብ ዝርዝሩ ጎን አንድ መስመር ትበቃለች፤ "ይህን የሠራው እገሌ ነው፣ ሥራው ከጨንቻ፣ የሚሠራው ሽሮ ሜዳ።" ነጋዴዋን በቪዲዮ ስታናግሩ "ዋጋው ስንት ነው?" ከማለታችሁ በፊት "የማን እጅ ነው?" በሉ። መጀመሪያ ትገረማለች። አሥር ሰው ከጠየቃት ግን መልሱን አዘጋጅታ ትጠብቃለች። መልስ ማዘጋጀት ያለበት ነጋዴ ደግሞ የሸማኔውን ዕድሜም፣ ክፍያም መደበቅ ይከብደዋል።

"ኢትዮጵያዊው ማነው?" ለሚለው የድሮ ጥያቄ እኔ ሙሉ መልስ የለኝም። ከመልሱ አንዱ ክፍል ግን ጉለሌ ላይ ድርና ማግ እያገናኘ እንደተቀመጠ አውቃለሁ።

እስቲ ቤታችሁ ያለውን ነጠላ ወይ ጋቢ አውጡና እዩት። የሠራውን ሰው የምታውቁ ከሆነ፣ እሱም ከፈቀደ፣ ስሙንና ሰፈሩን ከታች ጻፉልን። የማታውቁም ካላችሁ አትፈሩ፤ ሽሮ ሜዳ ለመጠየቅ ሁሌም ክፍት ነው።

ሰላም ዋሉልኝ።